ሩዙና ዓሣው እኩል አይበስሉም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ በሐዋሳ ሲሆን የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ከሥራ ወጥቼ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ በአዘቦት ቀን ወጥ ሠርቶ ራት ማቅረብ እየከበደኝ መጥቷል። በስልኬ ላይ ሽሪምፕና ሌሎች የባሕር ምግቦች ከሩዝ ጋር በአንድ መጥበሻ ሲሠሩ አይቼ፣ እኔም በሐይቃችን ዓሣ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። በመጀመሪያው ዓሣው ፈራርሶ ከሩዙ ጋር ተደባለቀ፤ ልጆቼም «ገንፎ» የሚል ስም አወጡለት። በሁለተኛው ደግሞ ቶሎ እንዲደርስ ብዬ እሳቱን ባበረታው ሩዙ ከታች አርሮ ከላይ ጥሬ ሆነ። ስህተቴ ምን ላይ ነው? ሽሪምፕስ የግድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ እኅታችን፣ የመጀመሪያው ስህተትዎ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጣድዎ ይመስለኛል። ሩዝ ከ20 ደቂቃ በላይ ሲፈልግ፣ ስስ የሆነ የቆሮሶ ሥጋ ግን በእንፋሎት ብቻ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበስላል። ስለዚህ ዓሣው ወደ መጥበሻው የሚገባው ሩዙ ውኃውን ሊጨርስ ሲቃረብ ነው፤ ከገባ በኋላም ማማሰያ ሊነካው አይገባም። ቁሌት ሲያማስል የኖረ እጅ ይህን ለመታዘዝ እንደሚቸገር አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ያን ልማድ የተውኩት ማማሰያውን ከምድጃው አጠገብ አንሥቼ ሌላ ክፍል በማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የከተማችን ከፍታ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው «ሩዙ በ15 ደቂቃ ይደርሳል» ቢል ለራሱ እውነቱን ነው፤ እኛ ግን 5 ደቂቃ ያህልና ትንሽ ተጨማሪ ውኃ ያስፈልገናል። እሳቱን ማበርታት ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ አንዴ የፈላ ውኃ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በሁለተኛው ሙከራዎ ሩዙ ከታች ያረረው፣ ከላይ ደግሞ ጥሬ የቀረው ውኃው ሥራውን ሳይጨርስ በመትነኑ ነው።

ለአራት ሰው የሚሆነውን አሠራር ልንገርዎት። ሰፋ ያለና ክዳኑ በደንብ የሚገጥም መጥበሻ ያዘጋጁ። አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርገው ከትፈው በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያቁላሉ፤ በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለነፍስ አባትዎ ትቼ፣ ለዚህ ምግብ ከቅቤ ይልቅ ዘይት እንደሚስማማው ግን በድፍረት እናገራለሁ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ሁለት የተከተፉ ቲማቲሞች ይጨምሩ። ቲማቲሙ ፈርሶ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ታጥቦ የተንጠፈጠፈ ሁለት ኩባያ ሩዝ ጨምረው ለሁለት ደቂቃ ያገላብጡት፤ ከዚያም አራት ኩባያ ተኩል የፈላ ውኃና ጨው አክለው አንድ ጊዜ ብቻ ያማስሉ። ለ5 ደቂቃ ሳይከደን ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ይክደኑት። ከ12 ደቂቃ ገደማ በኋላ ክዳኑን ሲያነሡ፣ ውኃው ከላይ ጠፍቶ በሩዙ ገጽ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲተነፍሱ ካዩ የዓሣው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ዓሣውን ሳይደራርቡ ከላይ ያስተኙት፤ በርዝመቱ የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል አድርገው እንደገና ይክደኑት። ሥጋው መስታወት መምሰሉን ትቶ ሙሉ በሙሉ ሲነጣና በሹካ ሲነካ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል። አምባዛ ከሆነ ወፈር ያለ ስለሆነ 10 ደቂቃ ይስጡት።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ሙቀት ስለሚይዝ፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ያጥፉትና በራሱ ሙቀት ይጨርስ። መብራት ሄዶ በከሰል የሚሠሩ ከሆነ፣ እሳቱን የሚቀንሱት ፍሙን በአመድ በማልበስ ነው።

የፎገራ ሩዝ እህሉ አጠር ያለ በመሆኑ ያያይዛል፤ ለዚህ ምግብ ግን ይህ ነውር አይደለም። ፍሬው ተለያይቶ እንዲቆም የሚፈልግ ሰው ረጅሙን የውጭ ሩዝ ይግዛ።

ዓሣውን በተመለከተ፣ የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ወደሆነው አሞራ ገደል በማለዳ ከሚሄድ ሰው የተሻለ ዕድል ያለው የለም፤ እርስዎ ግን በዚያ ሰዓት ወደ ሥራ ስለሚጣደፉ ቅዳሜ ጠዋት ገዝተው ለሳምንቱ ቢያስቀምጡ ይሻላል። ዓሣው ሳይሰነጠቅ ይመልከቱት፦ ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ መሆን አለበት። አጥንቱን ለይቶ ሥጋውን ብቻ እንዲያወጣልዎ ያድርጉ፤ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ግን በዚያ ለሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ ለአባ ኮዳዎቹ፣ ትተው አይሂዱ፤ እሑድ ከዝንጅብል ጋር ለ20 ደቂቃ ቢቀቅሉት፣ ተጠልሎ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥና ለሩዙ በውኃ ፋንታ የሚገባ መረቅ ይወጣዋል። በአዘቦት ቀን ይህን አይሞክሩት፤ ሁለተኛ ድስት መጣድ ነውና ነገሩን ሁሉ ያበላሻል። ሥጋውን ለየብቻ ጠቅልለው በረዶ ቤት ያስገቡት፣ በሚሠሩበት ቀን ጠዋት ወደ ታችኛው መደርደሪያ ያውርዱት፣ ማታ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው ጨውና ሎሚ ይቀቡት። ሎሚው ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየበት አሲዱ ሥጋውን ስለሚያጠነክረው፣ ሩዙ ከተከደነ በኋላ ቢቀቡት በቂ ነው።

ሽሪምፕ የግድ አይደለም። በስልክዎ ያዩት ምግብ መሠረቱ የስፔኗ የቫሌንሲያ ፓኤያ ይመስለኛል፤ ስሙ ራሱ በአካባቢው ቋንቋ መጥበሻ ማለት ሲሆን፣ የገጠሩ ሰው የሚሠራው በዶሮና በጥንቸል ሥጋ ነው። የባሕር ምግቡን የጨመሩበት ባሕሩ ደጃቸው ስለሆነ ነው፤ የእኛ ደጅ ደግሞ ሐይቅ ነው። የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ካገኙ በመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ብቻ ይጨምሩት፤ ከዚያ ካለፈ ጎማ ይሆናል። በርበሬ ግን ከመጥበሻው ያርቁልኝ። የቆሮሶ ጣዕም ለስላሳ ስለሆነ በርበሬ ይውጠዋል፤ ማቃጠል የሚወድ ዳጣውን በሳሕኑ ጠርዝ ያድርግ።

ጥያቄ፦ እዚሁ ሐዋሳ የምኖር ላጤ ነኝ። ማታ ዓሣና ሩዝ ሠርቼ የተረፈውን እዚያው መጥበሻ ላይ ከድኜ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት አሙቄ ለምሳ ብይዘው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ከዓሣውም ይልቅ የሚያሳስበው ሩዙ ነው። በሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ዘሩ ሲቀቀል ስለማይሞት፣ ሩዙ ለብ ብሎ ሲያድር ይራባና መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ ደግሞ ጠዋት በማሞቅ አይጠፋም። የተረፈውን በአንድ ሰዓት ውስጥ በሰፊ ሳሕን ዘርግተው አቀዝቅዘው ፍሪጅ ያስገቡ፤ በማግሥቱም እንፋሎት እስኪያወጣ አንድ ጊዜ ብቻ አሙቀው ይብሉት። ፍሪጅ ከሌለዎት ግማሽ ኩባያ ሩዝና አንድ ዓሣ ለአንድ ሰው ራት ስለሚበቃ፣ ያንኑ ብቻ ይሥሩ።