ተቀናሽ የሚለውን ዓምድ አንብቡት

ልጆቼ፣

33 ዓመት የሰው ደመወዝ ስሠራ ኖርኩ። የአንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት የፔሮል ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በ1984 ገባሁ፣ በ2017 ጡረታ ወጣሁ።

ፔሮል የሚሠራ ሰው የሰው ገመና ያውቃል። ማን ሰርግ እንደደገሰ፣ ማን ለጓደኛው ዋስ ገብቶ ጉድ እንደሆነ፣ የማን ትዳር ፈርሶ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የልጅ ቀለብ እንደሚቆረጥበት፣ ሁሉም «ተቀናሽ» የሚለው ዓምድ ላይ ይወጣል። አዲስ ተቀጣሪ ግን ያንን ዓምድ አያየውም። ዓይኑ ዘሎ የሚያርፈው ጥግ ላይ ካለችው የተጣራ ደመወዝ ላይ ነው።

አንድ ሾፌር ነበረን። የጭማሪ ወሬ ሲሰማ ደብዳቤው ሳይደርስ እኔ ዘንድ ይመጣል። «ግማሹን ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ አዙሪልኝ» ይለኛል። «ሚስቴም እኔም ሳናየው።» ስለ ገንዘብ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። ደመወዙ ከብዙዎቻችን ያነሰ ነበር። ግን ከግብርና ከጡረታ ቀጥሎ ምን እንደሚቆረጥበት የሚወስነው ራሱ ነው። የእኛን የሚወስንልን ያለፈው ወር ብድራችን ነበር።

ሥራ ስትጀምሩ እንግዲህ እንደሱ አድርጉ። እጃችሁ ሳይገባ የሚቆረጥ ነገር ይኑራችሁ። መጠኑ አያስጨንቃችሁ። ለጀማሪ እኔ እቁብን እመርጣለሁ። ወለድ የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ዳኛና ጸሐፊ አለው። ስትቀሩ ይደውላሉ፣ ታፍራላችሁ። ባንክ አያሳፍርም።

ሀፍረት ጥቅም አለው ስል ይስቁብኛል። ድሮ አድቫንስ፣ ማለት ከደመወዝ ቀን በፊት ብድር፣ ለመውሰድ እኔ ፊት መቆም ግድ ነበር። ዛሬ ስልክ ነካ ነካ አድርጎ መበደር ነው። ማንም አያይም። ለጫማ፣ ለልደት፣ ለቅዳሜ ማታ። ደመወዝ ሲገባ ግማሹ የተበላ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ለአድቫንስ በቢሮዬ በር ላይ የሚቆመው ሰልፍ አይረሳኝም። ጳጉሜን ደመወዝ የለውም። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን፣ ያለ ክፍያ ትበላላችሁ። ወዲያው እንቁጣጣሽ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ መስቀል። «እትዬ፣ ድንገት ቸግሮኝ ነው» ይሉኛል። ምኑ ነው ድንገት? መስከረም መቼ ቀርቶ ያውቃል? ልጅ ያላችሁ ከጥር ጀምራችሁ ለመስከረም ያዙ። ወይም ዳኛውን ለምናችሁ ዕጣችሁን ነሐሴ ላይ አድርጉት።

ስለ ሰርግ የማውቀውን የተማርኩት በራሴ ነው። በ1990 ስዳር የእቁቤን ዕጣ በሙሉ አወጣሁ። አልበቃም፣ ከማኅበሩ ተበደርኩ። ድንኳኑ የአንድ ቀን ነበር። ተቀናሹ 30 ወር ሄደ። በየወሩ ያንን ቁጥር በስሜ ትይዩ የምጽፈው ደግሞ እኔው ነኝ! አትደግሱ አልልም። ለእናቴ ያ ቀን ትልቅ ነበር። ግን በብድር አትደግሱ። ያቺ ገንዘብ ብትቆይልኝ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ስመዘገብ ሌላ ሰው እሆን ነበር።

ዋስ ስለመግባት አጭር ነው። ራሳችሁ ልትከፍሉት የማትችሉትን ብድር አትፈርሙ። እንቢ ማለት ካቃታችሁ «የትዳር ጓደኛዬን ልጠይቅ» በሉ።

ስለ ጡረታ ግን ትንሽ ታገሡኝ። ወጣት ሲሰማው የሚተኛበት ወሬ ነው።

አንድ ልጅ የግል ድርጅት ሊቀጠር ሲል መጣ። ሁለት ምርጫ ሰጥተውታል። አንዱ 12,000 መሠረታዊ ደመወዝና 8,000 አበል። ሌላው 17,000 መሠረታዊ ብቻ። «እትዬ፣ የመጀመሪያው አይሻለኝም?» አለ። ለዛሬ ኪሱ ይሻላል። ጡረታ የሚሰላው ግን በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። አበል ይህን አይነካውም። ስትወጡ የመጨረሻ ሦስት ዓመታችሁ አማካይ ይያዛል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። የ12,000 ብር 55 በመቶ 6,600 ነው። የ17,000 ደግሞ 9,350። ልጁ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። «ይህን ማንም አልነገረኝም» አለኝ።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ሥራ ላይ የዋለው በ2003 ሐምሌ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ገና አልለመደውም። ከደመወዝ ቆርጦ የማያስገባ አሠሪ አጋጥሞኛል። ስሙን ልተወው። የሚቆረጥባችሁ ገንዘብ በስማችሁ መግባቱን ሥራ ላይ እያላችሁ ጠይቁ። 60 ሞልቶ መሯሯጥ መከራ ነው።

እኔ በ33 ዓመት አገልግሎቴ 58.75 በመቶ ደረሰኝ። ግን የምን 58.75 በመቶ? በተቀጠርኩ ሰሞን፣ በ1985 መስከረም፣ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። ልወጣ ስል፣ በ2016 ሐምሌ፣ በገበያ ይወሰን ተብሎ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ባንክ ለቁጠባ የሚሰጠው 7 በመቶ ይህን ሮጦ አይደርስበትም። ስለዚህ የመስከረምን ገንዘብ ባንክ አስቀምጡ። የ20 ዓመት ገንዘብ ግን ባንክ ይቀልጣል። ቤት፣ መሬት፣ አክሲዮን፣ እንደ አቅም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 መጀመሪያ አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ትንሹ ግዢ 33 ነበር፣ 9,900 ብር። ለደህና እቁብተኛ የአንድ ዕጣ ገንዘብ ነው። አክሲዮን ሊወርድም ይችላል፤ የልጅ ምዝገባ ብር አይገባበትም።

በ40ዎቹ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከላይ ወላጅ፣ ከታች ልጅ ይዟችኋል። ለወላጅ መላክ ግዴታችን ነው፣ በዚያ ላይ አልከራከርም። ግን ልኩ የታወቀ ይሁን፣ በየስልኩ ጥሪ አይሁን። ታናሽ እህቴ ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ያገኘችውን ሁሉ ላከችልን። ስትመለስ በራሷ ስም አንድ የባንክ ደብተር አልነበራትም። ይህን ጥፋት የምጽፈው በእኛ ነው። እሷ በየወሩ ላከች፤ እኛ ደግሞ ሲመጣ ተቀበልን። «ለራስሽስ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ወር ጡረታዬን ልወስድ ባንክ ሄጄ ያንን ሾፌር አገኘሁት። ጸጉሩ በሙሉ ነጭ ሆኗል። «አሁንስ ማን ያዞርልሃል?» አልኩት። ሳቀና ሰፈሩ ወዳለ የጡረተኞች እቁብ ጎትቶ አስገባኝ። ጸሐፊ አድርገውኛል። ዕጣዬ ጥር ላይ ነው፤ ለሚያፈሰው ጣሪያ።