መብራቱ ደክሞ ነው ወይስ ሰማይ እያየ?

«ጋሼ፣ ያለኝ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ከፍኖተ ሰላም በርበሬ ጭኜ ማርቆስ አደርሳለሁ፤ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይመሽብኛል። የፊት መብራቱ መንገድ አያሳይም። 100 ዋት አምፖል ገዝቼ ቀየርኩበት፣ ምንም አልፈየደም። ይባስ ብሎ አጭር ላይ እያደረግኩት ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ መብራት ብልጭ ያደርግብኛል። 70 ካለፍኩ ደግሞ መሪው ይዋልላል። ለሁለቱም የሚሆን ብር የለኝም፤ ከየትኛው ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ ዋናው ነገር ያ የሚያበራብህ ሹፌር ነው። ለአንተ መንገድ የማያሳይ መብራት የሌላውን ዓይን የሚያጥበረብረው ለምንድን ነው? ብርሃኑ መሬት ላይ ስለማያርፍ ነዋ! ኋላው ላይ ጆንያ ሲቆለል የደከመው ሞላ ይሰምጣል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል። ፊቱ ሲቀል ደግሞ የፊት ጎማዎች አስፋልቱን በደንብ አይቆነጥጡም፤ መሪው መዋለሉ አይቀርም። ስለዚህ ሁለት በሽታ ያልከው ግማሹ አንድ ነው። መጀመሪያ ኋላውን እይ።

መኪናው ባዶ ሆኖ ሜዳ ላይ ይቁም። ከኋላ ጥግ በኩል በሙሉ ክብደትህ ተጫንና ልቀቀው። አንዴ ተነስቶ ቀጥ ካለ ሾክ አብዞርበሩ ደህና ነው፤ ሁለት ሦስቴ ከዘለለ አልቆለታል። ከዚያ እንደልማድህ ጫንበትና ከጎን ቆመህ እየው። ኋላው ወርዶ ጎማው ጭቃ መከላከያው ውስጥ ከገባ ሞላው ደክሟል። በሞላው መሃል ላስቲክ ጎርሶ የሚሰጥ ጋራዥ አለ፤ እኔ አልወደውም። ሞላው መሥራት ያቆምና ጉድጓዱን ሁሉ ወገብህ ይቀበለዋል። ጥንድ ሞላ ቀይር፤ አንዱን ብቻ ከቀየርክ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጭነቱንም ቀንሰው፤ ዲኤክስ አይሱዙ አይደለም።

የፊቱ ምርመራ አጭር ነው። በመጀመሪያ የጎማ ንፋስ፣ ጠዋት ሳትነዳ በፊት። ከዚያ በክሪክ አንሳው፤ ክሪኩን ብቻ አምነህ ግን ከሥር አትግባ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘህ ወዝውዘው፦ ቀጭ ቀጭ ካለ ታይሮዱ፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ከላይና ከታች ይዘህ ስትወዘውዘው ከተንቀሳቀሰ ጎማውን ከሥሩ የሚይዘውን መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱን፣ ወይም ኩሽኔታውን ጠርጥር። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ የሚሠራው እነዚህ ከተቀየሩ በኋላ ነው፤ በላላ ታይሮድ ላይ አላይመንት ማሠራት ብር መጣል ነው። መሪው መዋለሉን ትቶ 80 እና 90 ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን ኖሮ ግን የጎማ ባላንስ አሠራ እልህ ነበር።

አሁን ወደ መብራቱ። ያን 100 ዋት አምፖል ዛሬውኑ አውጣው። ሁለት 55 ዋት አምፖል የሚስበው 9 አምፔር ገደማ ነው፤ ሁለት 100 ዋት ሲሆን ወደ 17 ይጠጋል። የመኪናህ ሽቦና ማብሪያ ለዚያ አልተሠራም። ስታወጣው የአምፖሉን ሶኬት እየው፤ ጥግ ጥጉ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ ሶኬቱንም ቀይረው።

ቀጥሎ ቮልት የሚለካ ቴስተር ያዝ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጠውና ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየህ ዲናሞው ደህና ነው። ዝቅ ካለ መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ እንዳይሆን፣ አጥብቀው። ከዚያ እዚያው አምፖሉ ጀርባ ለካ። ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ከጎደለ ሌባው ሽቦው ውስጥ ነው። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ አምፖል እየቀያየርክ ያልበራልህ ለዚህ ነው።

ሌባው ብዙ ጊዜ ቦዲው ላይ የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ ነው። የክረምት ጭቃ ብሎኑን ያዝገዋል። ፈትተህ ብረቱ እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት ፈትገው፣ አጥብቀህ እሰረው፣ ግሪስ ቀባው። ይህ ካልበቃ ኤሌትሪሺያኑ ለመብራቱ ሪሌ፣ በትንሽ ኃይል ተቀስቅሶ ትልቁን ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ ያስገባልህ። ኃይሉ በ2.5 ሚሊ ሽቦ ከባትሪ በፊውዝ አድርጎ በቀጥታ ይመጣል፤ የድሮው ማብሪያ ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ይሆናል ሥራው። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። የመብራቱ ውስጠኛ መስታወት ጠቁሮ ወይም ተልጦ ከሆነ ግን ሪሌም አያድነውም፤ ደህና ያገለገለ መብራት ፈልግ።

መብራቱን የምታስተካክለው ሞላውም አላይመንቱም ካለቀ በኋላ ነው፣ ያውም የተለመደውን ጭነት ጭነህ። ሜዳ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቅ። የአምፖሉን ከፍታ ከመሬት ለክተህ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምር። አጭሩን አብራ፤ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ብሎኑን አዙር። ኤሌትሪሺያኑ ጋ ከመሄድህ በፊት ሞላውን ጨርስ፤ አለበለዚያ ይህን ሥራ ሁለቴ ትከፍልበታለህ።