በድንጋይ የተጻፈ ስንብት

ልጆቼ፣ አንድ ድራማ ባለቀ ማግስት «ማን ሞተ? ማን ማንን አገባ?» ስትባባሉ እሰማለሁ። እኔ ድራማ ስጽፍና የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው ያረጀሁት። እስቲ ሌላ ጥያቄ ላውሳችሁ። ሰውየው በአፉ መናገር ያቃተው ምንድን ነው? በምትኩስ ምን አስቀመጠ?

«ማሽ» የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ ፈልጋችሁ እዩት። የኮሪያ ጦርነት ሐኪሞች ታሪክ ነው፤ የእኛው ቃኘው ሻለቃ ጦር የዘመተበት ጦርነት። ጦርነቱ 3 ዓመት ፈጀ፣ ድራማው 11 ዓመት። የመጨረሻው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1983 ሲተላለፍ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው።

ሆክአይ የሚባለው ሐኪም አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገብቷል። ደጋግሞ የሚያወራው ስለ አንዲት ዶሮ ነው። ሌሊት ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ተደብቀዋል። ድምፅ ከተሰማ ጠላት ይደርስባቸዋል። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ዶሮዋ አላርፍ አለቻት። «ዝም አሰኚያት!» ብሎ ተቆጣት። አፍና ገደለቻት። እያደር ትዝታው ጠራለት። ሴትዮዋ አቅፋ የነበረው ሕፃን ልጇን ነው።

እዚህ ጋ ቶሎ አትለፉ። ዶሮዋን እንደ ውሸት አትቁጠሯት። ሕፃኑን መሸከም ያቃተው አእምሮ በምትኩ ያቀፋት ናት።

ጓደኛው ቢጄ ደግሞ «ደህና ሁን» ማለት ሞት ሆነበት። ሆክአይ ቢወተውተው፣ ቢለምነው፣ ቃሉ አልወጣውም። «ማስታወሻ ትቼልሃለሁ» ብሎት በሞተር ሳይክሉ ሄደ። ሄሊኮፕተሩ ሲነሳ ሆክአይ ቁልቁል አየ። መሬቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ስንብቱ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል። እኔን የሚያስለቅሰኝ ግን ያላሳዩን ነው። ያንን ሁሉ ድንጋይ ብቻውን ጎንበስ ቀና እያለ ሲለቅም ይታየኛል።

ስለዚህ የመጨረሻ ክፍል ስታዩ ከአፋቸው ይልቅ እጃቸውን ተከታተሉ።

ለትምህርት ከቤት የወጣሁ ቀን አባቴ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘኝ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሻንጣዬን ገመድ ፈታና መልሶ አጠበቀው። ደግሞ ፈታው። ሦስት ጊዜ። ገመዱ አሳስቦት መስሎኝ «ይበቃል አባባ» አልኩት። ማታ ደርሼ ልፈታው ብል ቋጠሮው እምቢ አለኝ። በጥርሴ ነው የፈታሁት።