«ልጄ ሲደሰት እጁን ያርገበግባል፤ አማቴ ዓይን ነው ይላሉ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ሲና ነው። ወንድ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ሲደሰት እጆቹን ያርገበግባል፤ ገትሮም ይንቀጠቀጣል። ማታ እንቅልፍ እስኪወስደው ጭንቅላቱን ከትራሱ ጋር ያላትማል። ሥራ ስሄድ የሚውለው ከአማቴ ጋር ነው። እሳቸው «ዓይን በልቶታል፣ ጻድቃኔ ማርያም ውሰዱት» ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ «ስልክ ስለምታሳዪው ነው» ይለኛል። ቤቱ ኩርፊያ ብቻ ሆነ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጥፋተኛ ፍለጋው ይቁም። ስልክ ለዚህ ዕድሜ ባይበዛ ደግ ነው፤ እጅ ያስረገበገበው እሱ ነው ለማለት ግን አያበቃም። ብዙ ጤነኛ ልጆች ደስ ሲላቸው፣ ሲደክማቸው ወይም ሲሰለቻቸው እንዲህ ያደርጋሉ። ጭንቅላት ማላተሙም ራሳቸውን ማስተኛ ዘዴያቸው ነው። ብዙዎቹ ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ይተዉታል። አልጋውን ብቻ ከግድግዳው አርቂው።

አሁን አንድ ነገር ሞክሪ። እጁን ሲያርገበግብ በስሙ ጥሪው፣ የሚወደውንም ነገር አሳዪው። ትቶ ዞር ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ዓይኑ ፈዞ የማይሰማሽ፣ እጁን ስትይዢው እንኳ መንቀጥቀጡ የማይቆም፣ ሲያበቃ የሚዝለፈለፍ ከሆነ ግን የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ። 5 ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ክፍል ነው። ዓመት ያልሞላው ልጅ ያላችሁም ልብ በሉ። ሕፃኑ በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ በተደጋጋሚ ድንገት እጥፍ እያለ እጁን የሚወረውር ከሆነ፣ ቁርጠት ነው ብላችሁ አትለፉት። በዚያው ቀን ይታይ።

ያልነገርሽኝም አለ። ሲጠሩት ዞር ይላል? የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? ቃላት አሉት? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሳይቆይ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ይናገረው የነበረውን ቃል ከተወማ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ወደ አማትሽ ልመለስ። ከጸበሉ ጋር አትጣዪ። ይሂዱ፤ ብቻ በእሱ ምክንያት የሐኪም ቀጠሮ አይገፋ፣ የታዘዘ መድኃኒትም አይቋረጥ። የዚያን አገር ብርድ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ልጁን ደራርቢለት። ደግሞ አስቢው፣ ቀኑን ሙሉ ልጁን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ፊት ልጁ ጨዋ ሆኖ ቁጭ ስለሚል ምንም ላይታይ ይችላል። «እማማ፣ ሲጀምረው እዚህ ጋ ተጭነው ይቅረጹልኝ» በያቸው። ያ የተከሰሰው ስልክ ለዚህ ይሁን። ስንት ሰዓት ላይ እንደመጣና ምን ያህል እንደቆየም ይንገሩሽ።

ጣርማ በርን ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ስትሄዱ እሳቸውንም ይዘሻቸው ሂጂ። ባለቤትሽም አይቅር። ውጤቱን ካንቺ ከሚሰማ ከሐኪሙ አፍ ቢሰማው ይሻላል።