ስሚዛውን ከመጠጣትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነሽ። መዳፍሽንና ውስጥ እግርሽን ሌሊት ሌሊት እያሳከከሽ እንቅልፍ አጥተሻል፤ የጉበት ምርመራሽም ከፍ ብሎ መጥቷል። አክስትሽ «ይህማ የወፍ በሽታ ነው፤ ስሚዛ ተጨምቆ ይሰጣት» ይላሉ። አሜሪካ ያለችው ጓደኛሽ ደግሞ ጉበት ያጸዳል የተባለ የዕፅ እንክብል ልትልክልሽ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻልና ልጅሽን የማይጎዳው የቱ እንደሆነ ጠይቀሻል።

ሁለቱም ይቆዩ እልሻለሁ። ነገ ጠዋት የእርግዝና ክትትል ወደምታደርጊበት ሄደሽ ማሳከኩን በግልጽ ንገሪያቸው፤ የሐሞት አሲድ ምርመራ እንዲታዘዝልሽም ጠይቂ። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን አንቺ አሁን ያለሽበት ቦታ ላይ ቆሜ ስሚዛውንም ጠጥቼ አይቻለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

በ2009 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ነው። 32ኛው ሳምንት ላይ ማሳከክ ጀመረኝ። ሽፍታ የለም፣ እብጠት የለም፤ ቆዳዬ ላይ የሚታየው የገዛ ጥፍሬ የቧጨረው ብቻ ነበር። ቀን ቀን ይታገሠኛል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ግን መዳፌና ውስጥ እግሬ እሳት ይሆናል። ሌሊት ተነሥቼ እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ እስኪነጋ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ። በክትትሌ ቀን ስናገር «ቆዳሽ እየተለጠጠ ነው» ተብዬ ቅባት ተሰጠኝ። አማቴ ስወልድ ሊያርሱኝ አስቀድመው ከጎጃም መጥተው አብረውን ነበሩና ዓይኔን ገልጠው አዩት። «ቢጫ ብሏል፤ ወፍ ነው» አሉ። በማግስቱ ስሚዛው ደረሰ፤ ሰንሰልም የሚሉት፣ ለአጥር የሚተከለው ቅጠል። ተወቀጠ፣ ተጨመቀ፣ በባዶ ሆዴ አንድ ብርጭቆ ቀረበልኝ። ሦስት ጠዋት ጠጣሁት።

አማቴ የሰጡኝ ከልባቸው ወድደውኝ ነው። እሳቸውም በልጅነታቸው ታመው ከእናታቸው እጅ ይህንኑ ጠጥተው ድነዋል። እኔን ግን በሁለተኛው ቀን ማስመለስና ተቅማጥ ያዘኝ፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ሆዴ ጥንክር እያለ ይለቀኝ ጀመር። ሆስፒታል ስደርስ ሰውነቴ ውኃ ጨርሶ ነበር። ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ ቁርጠቱ ሊነጋጋ ሲል ተወኝ። ሐኪሟ «የባህል መድኃኒት ወስደሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አማቴ አጠገቤ ቆመዋል። «አልወሰድኩም» አልኩ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ መልስ ነው። የጉበቴ ኢንዛይም ከሳምንቱ በፊት ከነበረው እጥፍ ሆኖ ነበር። ሐኪሞቹ የጉበት ቫይረስ ይሆን፣ የእርግዝና ደም ግፊት ይሆን እያሉ ሁለት ቀን ሙሉ ደከሙ፤ እኔ የማውቀውን ይዤ ዝም። በሦስተኛው ቀን ለብቻችን ስንሆን እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ቅጠሉ ካለ አስመጪልኝ» ብቻ አለች። ጉበቴን ያባሰው በሽታው ይሁን ስሚዛው ግን ከዚያ በኋላ መለየት አልተቻለም።

የሐሞት አሲዴ ውጤት ሲመጣ 46 ሆነ። ከ10 ብዙም ማለፍ የሌለበት ነው። ያኔ የበሽታዬ ስም ታወቀ፤ የእርግዝና ኮሌስታሲስ ይባላል። የእርግዝናው ሆርሞን ሐሞትን ከጉበት እንደልቡ እንዳይፈስ ይይዘዋል፤ የሐሞቱ አሲድ ወደ ደም ይመለሳል፤ ማሳከኩም ከዚያ ጋር ይመጣል። የእናቲቱ ጉበት ከወሊድ በኋላ ይመለሳል፤ የሚያሰጋው ለልጁ ነው። አሲዱ 100 ሲደርስና ከዚያ ሲያልፍ ልጁ ማኅፀን ውስጥ ሳለ የመሞት ዕድሉ በግልጽ ከፍ ይላል። ቁጥሩን ደጋግመው የሚለኩትና አንዳንዷን እናት ቀኗ ሳይደርስ የሚያዋልዷት ለዚህ ነው። ለእኔ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባል እንክብል ታዘዘልኝ፤ ማሳከኩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀለለኝ። በ37ኛው ሳምንት ምጥ በመድኃኒት ተጀምሮልኝ ወለድኩ። ልጄ ዛሬ ተማሪ ነው።

እህቴ፣ የወፍ በሽታ የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ዓይን ቢጫ መሆን ጉበት ወይም ደም እንደታወከ ይናገራል፤ ምን እንዳወከው አይናገርም። ነፍሰ ጡርን ቢጫ የሚያደርጋት እንደ እኔው ኮሌስታሲስ ሊሆን ይችላል። በተበከለ ውኃ የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ ኢ ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጋምቤላ በስደተኞች መጠለያ ውስጥ የተነሣው እሱ ነው። ሌላው ሰው ታሞ በሚነሣበት በዚህ በሽታ፣ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት የተያዘች እናት ከአምስት አንድ ያህል ትሞታለች። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው የደም ግፊትም ጉበትን ይነካል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጉበት በድንገት በስብ የሚሞላበት በሽታም አለ፤ እነዚህ በሰዓታት ውስጥ ሕክምና የሚሹ ናቸው። የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ ምንም ሳያሳይሽ ደምሽ ውስጥ ኖሮ በወሊድ ጊዜ ወደ ልጅሽ ሊያልፍ ይችላል። እሱ ከተገኘብሽ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ክትባት አለ፤ ቫይረሱ ብዙ ከሆነ አንቺም ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ቴኖፎቪር የሚባል የቫይረስ መድኃኒት ትወስጃለሽ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ብርጭቆ ስሚዛ መስጠት፣ ራስ ለታመመው፣ ጥርስ ለታመመውና እግሩ ለተሰበረው አንድ ዓይነት መድኃኒት እንደማደል ነው።

ስለ ምርመራ ወረቀትሽ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ሳላውቀው ብዙ ፈርቼበታለሁ። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም በእርግዝና ጊዜ ከፍ ይላል፤ እንግዴ ልጁ ራሱ ያመነጨዋልና በመጨረሻዎቹ ወራት እጥፍ ቢሆንም ብቻውን በሽታ አይደለም። ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች ግን በእርግዝና ምክንያት ብቻ ከፍ አይሉም። ከፍ ካሉ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ወረቀትሽን አውጥተሽ ከፍ ያለው የትኛው እንደሆነ እዪ።

ወደ ዕፆቹ ልመለስ። ስሚዛ ከንቱ ቅጠል ነው አልልም። የአገራችን ተመራማሪዎች ስሚዛንና አቱች የሚባለውን ቅጠል በአይጦች ላይ ሞክረው ጉበታቸውን ከመርዝ በመጠኑ ሲከላከሉ አይተዋል፤ ደስ የሚል ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ተለክቶ የተዘጋጀ መድኃኒት ነው፤ የተሞከረውም በአይጥ እንጂ በነፍሰ ጡር ሴት አይደለም። አክስትሽ የሚጨምቁት ከአጥር የተቆረጠ ነው፤ ስንት ቅጠል፣ ምን ያህል ውኃ፣ ለጋ ይሁን የጠና፣ ልኩ የእጅ ግምት ነው። የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ነገር ለሌላው ሰው ማጽጃ ሊመስል ይችላል፤ ለሰባት ወር ነፍሰ ጡር ግን ውኃ ማጣት ማኅፀንን ይቀሰቅሳል። በእኔ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

እንዶድ ግን ከቶ አይቅረብሽ። በየአካባቢው ለወፍ በሽታ የሚሰጥበት አለ። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያሳወቁት። ያው እንዶድ በገጠር ጽንስ ለማስወረድ ሲጠጣ እንደኖረ ደግሞ እናቶቻችን ያውቃሉ። ጤና አዳምም በብዛት ተቀቅሎ ሲጠጣ በብዙ አገር ለማስወረጃነት የታወቀ ነው፤ እኔ ከቡናዬ ላይ እንኳ አንሥቼው ነበር። እሬትም በእርግዝና ጊዜ አይጠጣም። ዳማ ከሴውን ግን ከእናቴ ጋር ተስማምተን ማሽተትና መቀባት ላይ አቆምነው።

እዚህ ላይ ከማንም በላይ የጠቀመኝ የራሳችን ወግ ነው። ኮሶ በየሁለት ወሩ በሚጠጣበት ዘመን ነፍሰ ጡር ኮሶ አይሰጣትም ነበር። ደህና መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ከመቁረጡ በፊት «ጽንስ አላት ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አያቶቻችን ዕፅ ኃይል እንዳለው ስላወቁ ነው ከነፍሰ ጡር ያራቁት። «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ከእነሱ የወረስነው አይደለም።

ዕፅ ጉበትን እንዴት አድርጎ እንደሚጎዳ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የአንድ መንደር ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ነበር። ሲመረመር ከእህሉ ጋር አብሮ የሚበቅል አረም ዘሩ ከእህል ተቀላቅሎ፣ በውስጡ ያለው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ የጉበታቸውን ደም ሥር ሲዘጋ እንደነበር ታወቀ።  ይኸው የመርዝ ዓይነት በሌሎች አገሮች ለሻይ በሚፈሉ አንዳንድ ቅጠሎች ውስጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ አንድ የስዊዘርላንድ ሐኪሞች ዘገባ፣ በእርግዝናዋ ሁሉ በየቀኑ የዕፅ ሻይ የጠጣች እናት የወለደችው ሕፃን በዚሁ የጉበት ደም ሥር መዘጋት ሞቷል። እናቲቱ ምንም አልሆነችም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «እኔ ጠጥቼው ምንም አልሆንኩም» የሚል ምስክርነት ለነፍሰ ጡር አይበቃም ብዬ አምናለሁ። የጽንስ ጉበት ገና በመሠራት ላይ ያለ ጉበት ነው፤ አንቺ የምታጣሪውን እሱ ላያጣራው ይችላል።

የጓደኛሽን እንክብል በተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ ዋናው ነገር ሚልክ ቲስል የሚባል እሾሃም ተክል ፍሬ ነው። በነፍሰ ጡር ላይ ደህና ነው ለማለት የሚበቃ ጥናት የለውም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ አብሮት የሚገባው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ምርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምሮ ፈቃድ አያገኝም። «ጉበት ያጸዳል» የሚለው ጠርሙስ ውስጥ የእርድና የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም ተጠናክረው በእንክብል ሲወሰዱ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። እርዱ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲሆን ሰውነት የሚወስደው መጠን ይጨምራል። ወጥሽ ላይ ያለው እርድ ግን አያስፈራሽ፤ በወጥ ልክ የሚገባ ቅመም ምግብ ነው። አብሽም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። በማንኪያ ተለክተው እንደ መድኃኒት ሲጠጡ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ዝንጅብል በሻይ ለማቅለሽለሽ እኔም ጠጥቻለሁ፤ ሐኪሜም አልከለከለችኝም።

እስከ ምርመራው ድረስ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ለብ ያለ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ተጣጠቢ፣ የጥጥ ልብስ ልበሺ፣ ክፍልሽን አቀዝቅዢ። የምትጠጪው ውኃ የፈላ ይሁን። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ከወሰድሽ መጠኑን ለሐኪም ንገሪ፤ ጉበትሽ ከፍ ባለበት ጊዜ ከልክ ማለፍ የለበትም። ጾሙን የንስሐ አባትሽ ያውቁታል፤ ነፍሰ ጡርን አያስገድድም። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ዛሬውኑ ተዪው፤ ለጽንሱም ለጉበትም አይበጅም።

ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ከቀኝ ጎድንሽ በታች ወይም ከእምብርትሽ በላይ አጥብቆ ካመመሽ፣ ራስሽን ፈልጦሽ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ማስመለስ ካላቆመልሽ፣ ወይም የልጅሽ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ነገን አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሂጂ። እስካሁን የጠጣሽው ነገር ካለም ቅጠሉን ወይም ጠርሙሱን በላስቲክ ይዘሽ ሂጂና ስንት ቀን እንደወሰድሽው ተናገሪ።

ኮሌስታሲስ መሆኑ ከተረጋገጠ በሚቀጥለው እርግዝናሽም ሊመለስ ይችላልና ያኔ ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ አሳውቂ። ከወሊድ በኋላም ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ከመጀመርሽ በፊት ይህን ታሪክሽን ንገሪያቸው።

አክስትሽን ደግሞ ይዘሻቸው ሂጂ። እኔ አማቴን ደብቄ እውነቱን ለሐኪሟ ብነግርም፣ ሐኪሟ ራሷ ጠርታ አስቀምጣ አስረዳቻቸው። «እማማ፣ መድኃኒቱ ለሌላ ጊዜ ይቀመጥ፤ አሁን የምፈልገው ልጁ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚራገጥ የሚቆጥርልኝ ሰው ነው» አለቻቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስክወልድ ድረስ አማቴ ከምሳ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ሆዴ ላይ አድርገው ይቆጥሩ ነበር፤ ለእያንዳንዷ ርግጫ አንድ የሽምብራ ፍሬ ሰሐን ላይ ጣል እያደረጉ።