ጥያቄና መልስ፦ ተሻላት ሲባል የተመለሰ የጡት በሽታ

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ጥቂት የዲቃላ ላሞች አረባለሁ። በቅርቡ ከወለደችው ላሜ አራት ጡቶች አንዱ አብጦና ግሎ ወተቱ እየተቆራረጠ ይወጣ ጀመር። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝተን አስወጋናት፤ በሁለተኛው ቀን ስለተሻላት አቆምን። አሁን ተመልሶባታል። መድኃኒቱን ልለውጥ? ወተቷስ ተፈልቶ ቢጠጣ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መድኃኒት ከመለወጥዎ በፊት የበሽታው መንስኤ ሊታወቅ ይገባል። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየ የተባለው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ በፔኒሲሊን በቀላሉ ይድናል፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ግን በግቱ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ስለሚደበቅ፣ ብዙዎቹ ዝርያዎቹም ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኤንዛይም ስለሚያመርቱ፣ እብጠቱ መጉደሉ ብቻ በሽታው ለመልቀቁ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ሳይጀመር የጡቱ ጫፍ በአልኮል ተጠርጎና የመጀመሪያው ወተት ተደፍቶ፣ በንጹሕ ዕቃ የተወሰደ ናሙና ይመርመር፤ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በቅርብዎ መሆኑ በዚህ ረገድ ይጠቅምዎታል። ላሟ መብላት ካቆመች ወይም መነሣት ካቃታት ግን የምርመራውን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሐኪም በዚያው ቀን ይጠራ።

ሐኪሙ በጡት ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒት ካዘዘ፣ ጡቱ እስከ መጨረሻው ታልቦ ከተጸዳ በኋላ ይሰጥ፤ የታዘዘው ቀን ሳይሞላም አይቋረጥ።

ስለ ወተቱ የጠየቁት ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበናል። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ የመድኃኒቱን ቅሪት ከወተቱ አያስወግድም፤ ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበትን ሰው ጥቂቱም ሊጎዳው ይችላል። መድኃኒቱ በደም አማካይነት ወደ ሌሎቹ ጡቶች ስለሚደርስ፣ የታከመው አንድ ጡት ብቻ ቢሆንም የአራቱም ወተት ከመጨረሻው መድኃኒት በኋላ በመለያው ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ለሰው አይቀርብም፤ ለጥጃም ባይሰጥ ይመረጣል። ወተት እርጎ አልሆን ሲል ሻጩ ውሃ ጨምሮበታል ተብሎ ይታማል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እርጎውን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች በመድኃኒት ቅሪት ተገትተው ሊሆን ይችላል።

የታመመችው ላም ከሌሎቹ በኋላ ትታለብ፤ የአላቢውም እጅ በየላሟ መካከል ይታጠብ። ስትነጥፍ ደግሞ ለዚሁ ወተት ለማትሰጥበት ጊዜ የተዘጋጀውን፣ በጡት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየውን መድኃኒት ስለመስጠት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ወተት በሚታለብበት ወቅት ከሚሰጠው ሕክምና ይልቅ በዚህ የመዳን ዕድሉ ይበልጣል።