መርፌው የማያውቀው መታጠፊያ

ልጆቼ፣ 31 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት አቅጣጫውን የሚያሳይ ቀስት ሣሉ።

ፍጥነትንና ቬሎሲቲን ስንት ተማሪ አምታቶብኛል! ጥፋቱ የእኔም ነበር። «ቬሎሲቲ አቅጣጫ ያለው ፍጥነት ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ እነሱም ይሸመድዳሉ። ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ግን ሁሉም ብዕር ይነክሳል።

እኔ ራሴ ነገሩ በደንብ የገባኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ አደባባዩን እንዞራለን። የፍጥነት መለኪያው መርፌ 30 ላይ ተተክሎ ንቅንቅ አይልም። የእኔ ትከሻ ግን በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ከኋላ የአንዲት ሴት ዘንቢል ተገልብጦ ቲማቲሙ ወደ ቀኝ ይንከባለላል። መርፌው ምንም አልተፈጠረም ይላል፤ ቲማቲሙ ተፈጥሯል ይላል። ማንን እንመን?

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። መርፌው የሚያውቀው የጎማውን መሽከርከር ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አያውቅም። ፍጥነቱ አልተለወጠም፣ አቅጣጫው ግን በየቅጽበቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ቬሎሲቲው ተለውጧል። ቬሎሲቲ ደግሞ ያለ ኃይል አይለወጥም። መኪናውን ወደ አደባባዩ መሃል የሚስበው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ወደ ውጭ የገፋኝ ማንም የለም፤ ሰውነቴ ቀጥ ብሎ ልሂድ ሲል በሩ ወደ ውስጥ መለሰው። (በዝናብ ቀን አደባባይ ላይ የሚበርር ሹፌር ይህን ቢያውቅ ምንኛ ደስ ባለኝ!)

አሁን ቀስታችሁን ሣሉ። በሥራ ዘመኔ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ወንዙን ዞሮ 5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ወፍ ብሆን ግን ወደ ምሥራቅ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ። በእግሬ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። አማካይ ፍጥነቴ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ቬሎሲቲዬ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ። ማታ ቤቴ ስመለስ የቀኑ አማካይ ቬሎሲቲ ዜሮ ይሆናል፤ ከተነሣሁበት ተመልሻለሁና።

ይህንን አንድ ማታ ለባለቤቴ በኩራት አስረዳኋት። ቡናውን እየቀዳች ወደ በሩ አየት አደረገችና፣ «ዜሮ ከሆነ ጫማህ ለምን አለቀ?» አለችኝ።